መኪናህ መንገድ ወጥታለች

ሃብትዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ጠፍቶ አይደለም። መኪናዋን ጋራዥ ውስጥ እንደተገተረች ትቼ ምን ብዬ እጽፍለታለሁ እያልኩ ነው የቆየሁት። ባለፈው ቅዳሜ መንገድ ወጣች። የነዳኋት እኔ ነኝ፤ ልጃችን ልድያ አጠገቤ ነበረች። ስለዚህ አሁን ልጽፍልህ እችላለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሳሎን የነበረውን የሕመም አልጋህን በሳምንቱ መጥተው ወሰዱት። ምንጣፉ ላይ የአራቱ እግሮቹ ምልክት ጎድጉዶ ቀርቶ ነበር፤ ስንት ወር ሙሉ እሱን ላለመርገጥ ዞሬ አልፍ ነበር። በኋላ ልድያ ሶፋውን ጎትታ ቦታው መለሰችው፣ እኔም አልከለከልኳትም። ልድያ ደህና ናት። አሁንም ፖርትላንድ ነው የምትሠራው፣ በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች። በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ መመለሷን አልተወችም። እኔም እዚያው አረጋውያን መኖሪያው እየሠራሁ ነው። ከፊት ለፊታችን ያለው ቤት ተሸጦ ፈረሰ፣ ባለ ሦስት ፎቅ እየተሠራበት ነው። አንተ ብትኖር በየቀኑ ተሻግረህ ሠራተኞቹን ታዋራ ነበር።

መኪናዋ የመጣች ቀን ምን ያህል እንደተናደድኩ አትረሳውም። እዚህ ማውንት ቤከር ሰፈር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ራሳቸው ሊገጣጥሟት ከነተበታተነች ገዝተው፣ ዓይናቸው ሲደክም ትተዋት ኖሯል። አንተ ሃያ ዓመት አውቶቡስ የነዳህ ሰው፣ መሪ መጨበጥ ጠግበህ ቤት ትገባለህ ስል፣ ያቺን በሁለት ዙር ጭነህ መጣህ። ዛሬ መኪና እላታለሁ እንጂ ያኔ አንድ ሻንሲ፣ አንድ የፋይበርግላስ ቀፎ፣ አንድ አሮጌ ሞተርና ክምር ካርቶን ነበረች። "ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፤ አንቺና እኔን" አልከኝ። እኔ የታየኝ ግን ጋራዡ መወሰዱና የራሴን መኪና ዝናብ ላይ ፓርክ ማድረጌ ነበር። አምስት ዓመት ሠራሃት። አምስት ዓመት ሙሉ ለምሳ ስጠራህ እንኳ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አንድ ቀን ገብቼ ምን እንደምትሠራ አላየሁም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። የምሳ ሰዓት አልፎ ልጠራህ ስመጣ መሬት ላይ ቁጭ ብለህ አንዲት ዳዶ፣ ያቺን የብሎን መያዣ ቀለበት፣ ታነሳለህ። ከጣቶችህ ወደቀች። አነሳሃት። ደግሞ ወደቀች። ስታየኝ "ብርድ ነው" አልከኝ። የዚህ አገር ሐምሌ ነበር፤ ሙቀት።

ሐኪሙ ጡንቻን አንድ በአንድ የሚያጠፋ የነርቭ በሽታ ነው ሲለን፣ እኔ በሥራዬ አይቼው ስለማውቅ ቀሪውን እሱ ሳይነግረኝ ገባኝ። ቤት ስንደርስ ወደ ውስጥ አልገባህም። ጋራዡን ከፍተህ መብራቱን በክርንህ አበራህና፣ "ጽጌ፣ እጅሽን አውሺኝ" አልከኝ። ሌላ ነገር የጠየቅከኝ የለም። ለምን እኔ፣ ምነው ጌታ ሆይ፣ አላልክም።

የኔ እጅ የሰው ገላ እንጂ ብረት አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ቀን ካቻቢቴ አምጪ ስትለኝ ፒንሳ አመጣሁልህ፣ ትንታ እስኪይዝህ ሳቅክ። እያንዳንዱን ብሎን ሳጠብቅ ዙሩን አብረኸኝ ትቆጥር ነበር፤ ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ እያልክ፣ ከአስመራ መጥተው አዲስ አበባ ጋራዥ የከፈቱት አባትህ ባስተማሩህ ቋንቋ። ከልጅነትህ ጀምሮ አማርኛ ስታወራ የኖርክ ሰው ብሎን ስትቆጥር ግን ሁልጊዜ በትግርኛ ነው። ሞተሩን አብረን አስቀመጥን። ካምቢዮውን ገጠምን። አንተ ተሽከርካሪ ወንበርህ ላይ ሆነህ ትነግረኛለህ፣ እኔ መሬት ተጋድሜ እሠራለሁ። ስለ አባትህ፣ ስለሞተው ወንድምህ፣ እኔን ከማግባትህ በፊት ስለወደድካት ልጅ ሳይቀር የነገርከኝ ከዚያች መኪና ሥር ሆኜ ነው። እያፈርኩ ልንገርህ፤ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን እንደዚያ ያወራንበት ጊዜ የለም። አንተ እየሞትክ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ከሥራ ወደ ቤት እሮጥ ነበር።

ከዚያ ድምፅህ ሄደ። መጀመሪያ ቃሉ ተኮላተፈ፣ ከዚያ እኔ ብቻ የምሰማው ሆነ፣ ከዚያ እኔም መስማት አቃተኝ። በዓይንህ ተስማማን፤ አንዴ ከጨፈንክ አዎ፣ ጣሪያውን ካየህ አይሆንም።

አሁን ያን ቀን ልጽፈው ነው። ሌላውን ሁሉ የጻፍኩት እዚህ ለመድረስ ነው መሰለኝ።

የፍሬኑን ቧንቧ የግራ የፊት ጎማ ላይ እየገጠምኩ ነበር። ከሥራ መምጣቴ ነው፣ ወገቤ ተቆርጧል። ገጥሜ ቀና ስል ጣሪያውን አየህ። ፈታሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። ጣሪያውን አየህ። ለሦስተኛ ጊዜ ፈትቼ፣ ያለኝን ጉልበት ሁሉ ሰጥቼ አጠበቅኩት። አሁንም ጣሪያውን አየህ። መፍቻውን ወረወርኩት። "ይቺ መኪና ከእኔ ትበልጥብሃለች። ሞተህም አትለቀኝም" አልኩህ። በሩን ዘግቼብህ ገባሁ።

ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። ሻይ አፈላሁ፣ አልጠጣሁትም። ከተውኩህ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። አንተ ወንበርህን እንኳ ማዞር አትችልም ነበር። ስመለስ ብርድ ልብሱ ከጉልበትህ ተንሸራቶ ወድቋል፣ ፊትህ ርሷል፤ መጥረግ የማትችለው እንባ አንገትህ ድረስ ወርዶ ነበር። ዓይንህ አሁንም ያ ጎማ ላይ ነው። ፊትህን ጠረግኩልህ፣ አለበስኩህ፣ ወደ ውስጥ ገፋሁህ። ይቅርታ ግን አላልኩህም። ገና ተናድጄ ነበር። ነገ እለዋለሁ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ትንፋሽህ ተያዘ፣ ሆስፒታል ገባህ፣ ከዚያ አልተመለስክም። እዚያ እጅህን ይዤ ደጋግሜ ብዬሃለሁ። ሰምተኸኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ዓይንህን አልከፈትክልኝም።

ከቀብሩ በኋላ ጋራዡን ቆለፍኩት። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ እንዲያው መኪናዋን ይሽጧት እትዬ፣ ባዩዋት ቁጥር ከሚያለቅሱ አሉኝ። ልክ ነበሩ፣ ግን ለመሸጥም መክፈት ያስፈልግ ነበር። ስምንት ወር አልከፈትኩትም። የቤቱ ማሞቂያ ተበላሽቶ ሊሠራ የመጣው ሰው ማሽኑ ጋራዥ ውስጥ ነው ሲለኝ ነው ያለ ፈቃዴ የከፈትኩት። ከመቆለፌ በፊት እዚያ ባስገባሁት ወንበርህ ላይ ብርድ ልብስህ ነበር። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ የወረወርኩትን መፍቻ ከጥግ ፈልጌ አነሳሁት።

ልድያ በመጣች ቅዳሜ የፍሬን ዘይት ሞላን። እሷ ውስጥ ገብታ ፔዳሉን ረገጠች፣ እኔ ሥር ሆኜ አያለሁ። "ማም፣ ኢትስ ጎይንግ ኦል ዘ ዌይ ዳውን" አለችኝ፤ ፔዳሉ ምንም ሳይዝ ወለል ነክቷል። ዘይቱ በግራ የፊት ጎማ በኩል ይንጠባጠባል። ያው ቦታ ነው። ፈትቼ መብራት አበራሁበት። የቧንቧው መግጠሚያ ጥርሱ ተበልቷል። አጣምሜ ነው ያስገባሁት፤ ባጠበቅኩት ቁጥር ይብስ በላሁት። አንተ ከተቀመጥክበት ሆነህ መጣመሙን አይተኸዋል። በልቤ ግትር ብዬህ ነበር እኮ። እኔና ልድያ በዚያች መኪና የሰፈራችንን የቢከን ሂልን ቁልቁለት ያለ ፍሬን ስንወርድ ነው የታየህ። ለዚያ ነው ያለቀስከው፤ ወይም ስለተውኩህ ነው፣ ወይም ለሁለቱም። የትኛው እንደሆነ ልጠይቅህ አልችልም።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ያን ቀን ያደረግኩትን ለልድያ ነገርኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ሰማችኝ። አላጽናናችኝም፣ አልፈረደችብኝም። በመጨረሻ እጇን በጨርቅ ጠረገችና፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "ሶ፣ አዲሱን ቧንቧ የት ነው የምንገዛው?" አለችኝ።

ቀሪው የስምንት ወር ሥራ ነበር። ኦቴሎ ሰፈር ጋራዥ ያላቸው ጋሽ መኮንን ኤሌክትሪኩን ሠሩልን። እኔ ያጠበቅኩትን እያንዳንዱን ብሎን በመፍቻ እየሞከሩ መኪናዋን ዞሯት፤ መልሰው ያጠበቁት አንድም አልነበረም። እሳቸው ስህተት ካገኙ እንደማያልፉ ስለማውቅ ደስ አለኝ። የመኪናዋን ወንበሮች እኔ ራሴ ሰፋሁ።

ታርጋ ለማውጣት የሻንሲ ቁጥር ምርመራ አለ። በተጎታች ወሰድናት። መርማሪው ኮፈኑን ከፍቶ ሥሯን በባትሪ አየና፣ "ማን ነው የሠራት?" አለኝ። "ባለቤቴ" አልኩት። "እሱ የት አለ?" ሲለኝ ልድያ መለሰችልኝ። ሰውየው ደግ ነበር፣ አዝናለሁ አለኝ። ወረቀቱ ላይ ግን ሠሪው ነው የሚፈርመው፣ የሞተ ሰው አይፈርምም። ስለዚህ ጽጌ የሚል ነው ያለው። ስምህ የትም ቦታ የለም ሃብትዬ። ይህን ልደብቅህ አልፈልግም።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ አልነበረም። ልድያን አጠገቤ አስቀምጬ መኪናዋን አስነሳኋት። ፍሪሲዮኑ ጠንካራ ነው፣ መጀመሪያ ሁለቴ ጠፋችብኝ። ቁልቁለቱ ጋ ደረስኩ። ፍሬኑን ረገጥኩ። ቆመች። መንገዱ ባዶ ነበር፤ መሃል ላይ አቆምኳትና ለቅቄ እንደገና ረገጥኩ፣ እንደገና ቆመች። ከዚያ በሐይቁ ዳር ወርደን በኦቴሎ በኩል ተመለስን። ቀይ መብራት ላይ አንድ ያገራችን ሰው መስኮቱን አውርዶ፣ "እትዬ፣ የስንት ዓመተ ምሕረት ናት?" አለኝ። "የዘንድሮ" ስለው አላመነኝም። ሳቅኩ። ቤት እስክንደርስ ደህና ነበርኩ፤ ሞተሩን አጥፍቼ ዝም ስትል ነው ያቃተኝ።

አንድ ነገር ቀርቷታል። ቀለም አልተቀባችም፣ እንደ ግራጫ ነገር ናት። ሰው ሁሉ መቼ ነው የምትቀቢያት ይለኛል። ገና በጤናህ ሳለህ፣ አንድ ቀን እራት ላይ የምትፈልገውን ቀለም ነግረኸኝ ነበር። ሹካህን አስቀምጠህ እንደተናገርክ ትዝ ይለኛል። ቀለሙ ግን ትዝ አይለኝም፤ ያኔ አላዳመጥኩህም። ልድያ አረንጓዴ ሳይሆን አይቀርም አለች። እኔ እንጃ።

እንደዚሁ ትቆያለች። ያየሁትንና የሰማሁትን እይዝልሃለሁ፤ ሳቅህን፣ አቆጣጠርህን፣ የተውኩህንም ያን አንድ ሰዓት ሳላሳጥር። ያላዳመጥኩህን ግን ከራሴ ፈጥሬ አንተ እንዳልከው አድርጌ አልናገርም። አላውቀውም፣ ሃብትዬ። አለማወቄንም አልረሳውም።

ጽጌ