ለንቤ የሚሆን ጠበቃ

ሰኞ
ሞላ ንቤን አልመልስም አለ። ትናንት ንቡ ከቀፎዬ ነቅሎ ሲወጣ እየተከተልሁ ሮጥሁ። ገደሉን ተሻግሮ ከማዶ ጎረቤቴ ከሞላ ወይራ ላይ አረፈ። ደክሞኝ ስደርስ ሞላ በገዛ ቀፎው አግብቶታል። «ከሰማይ የወረደልኝ ነው» ይላል። ሌላ ንብ የለኝም። ሐሙስ ከገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ እንቀርባለን።
ልጄ የሺ «አባባ፣ እርስዎ ከተናገሩ ተረቱ ማለት ነው። ባለፈው ዳኛውን ሰድበው አስወጡዎት። የሚናገርልዎ ሰው ይፈልጉ» አለች። አልሰደብሁም። ጥጃ ነው ያልሁት።

ማክሰኞ
ላሊበላ ሄድሁ። አንዱ ማመልከቻ ጸሐፊ ነገሬን ሳልጨርስ «አይዞዎት፣ ረትተዋል» አለኝ። ከሳሽ ልሁን ተከሳሽ ገና አልነገርሁትም። ተውሁት። ሁለተኛው መሪጌታ ናቸው። ግማሹን በግዕዝ ተናገሩ። ደስ ይላል። ግን ሸንጎው ገበሬ ነው፣ ማን ይሰማቸዋል?
ማታ ቤት ስገባ የሺ «እርስዎን ረትቶ የሚያውቅ ማነው?» አለች። ታውቃለች እኮ! ካሳ ነው። በድንበር ከሶ ረታኝ። መሬት ላራሹ ሲታወጅ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ እኛ ግን እስከ ዛሬ ሰላምታ የለንም።

ረቡዕ
ካሳ ቤት ሄድሁ። ለንቡ ስል ነው። በሩን አንኳኳሁ። ብቅ ብሎ «አያሌው! የሞትሁ መስሎህ ልትቀብረኝ መጣህ?» አለ። «ተናገርልኝ» አልሁት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቁርበት አነጠፈልኝና ነገሬን ሰምቶ ጠየቀኝ።
«ገደሉ ጋ ንቡ ከዓይንህ አልጠፋም?»
«በጭራሽ።»
«አትዋሽ። እዚያ እግሩን ሳያይ የሚያልፍ የለም።»
ትንሽ ጠፍቶኛል። በአገራችን ደንብ ንቡን ከዓይኑ የጣለ ባለቤት አይባልም። ሊያንቀኝ የፈለገ መሰለኝ። ግን እንዲህ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ጠበቃዬ እሱ ይሁን።

ሐሙስ
ካሳ «ትንፍሽ ካልህ ጥዬህ እሄዳለሁ» አለኝ። ምላሴን ነክሼ ተቀመጥሁ። ሞላ ገደሉን ሊያነሳ ሲል ካሳ ቀድሞ «አዎ፣ ትንሽ ጠፍቶታል» አለ። ከዚያ ወደ ሞላ ዞረ።
«ለመሆኑ ንቡ ከወዴት መጣ?»
«ከገደሉ ማዶ።»
«ከገደሉ ማዶ ንብ ያለው ማነው?»
በኛ ወገን ከኔ በቀር ንብ ያለው የለም፣ ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ። ሞላም ሳቀ። ንቡ ለኔ ተፈረደ። ለሞላ ከመጀመሪያው ማር ይድረሰው ተባለ። ይሁን።

ዓርብ
ሲመሽ ንቡን ከካሳ ጋር ተሸክመን አመጣነው። አንዷ ካሳን አፍንጫው ላይ ነደፈችው። ወዲያው አበጠ። «ይግባኝ እላለሁ!» እያለ ይጮኻል። እንዲህ የሳቅሁት መቼ እንደሆነ እንጃ።
ቀፎው ንቡን ይስማማው አይስማማው ጠዋት ይታወቃል። ቢወጣም ችግር የለም፣ ካሳ እዚሁ አድራለሁ ብሏል። ገደሉ ድረስ አብረን እንሮጣለን።