ማኅበርተኞችህ

ላሊበላ፣ ግንቦት 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

ውድ ተክለ ሚካኤል፣

እንደምን ሰንብተሃል? ቤታችን ተከራይተህ በኖርክባቸው ሦስት ዓመታት «መምህር» እና «አንቱ» ስልህ ኖሬ ዛሬ «አንተ» ማለቴ ድፍረት ነው። ግን የምነግርህን ነገር በአንቱታ ብሞክረው የባዳ ደብዳቤ መሰለብኝ።

ነጋዴው ምስጋኑ በቅሎውን ጭኖ ከፍላቂት ገበያ ሲመለስ ከእስር መፈታትህን፣ ወልድያ እህትህ ዘንድ መሆንህን ነገረኝ። ይህንንም የሚያደርስልህ እሱ ነው። እልል ልል አፌን ከፍቼ አፈርኩ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ዓሦቹን ከተከዜ በጀሪካን ያመጣህ ዕለት ትዝ ይልሃል? ከትንሿ ጣቴ የማይረዝሙ ዘጠኝ ነበሩ። ትርፍራፊ የመስኮት መስታወት በስቱኮ ገጣጥመህ ሣጥን ሠራህላቸው። ሦስት ቀን ሙሉ እያፈሰሰ መደቡን አራሰው፤ እናቴም ሦስት ቀን ሙሉ አጉረመረመች። አባቴ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ግን ከማኅሌት ሲመለሱ ካባቸውን ሳያወልቁ ሣጥኑ ፊት መቀመጥ ጀመሩ።

«እኒህስ ወረብ ያውቃሉ! ሲዞሩ እኩል፣ ሲመለሱ እኩል። መሪያቸው የትኛው ነው?» አሉህ።

«መሪ የላቸውም የኔታ። እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን እያየ ነው የሚዞረው።»

«ያለ መሪ! እኛ መሪ እያለን ስንቴ ይዛነፍብናል» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ማኅበርተኞች ብዬ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። «ማኅበርተኞችዎ ዛሬ በልተዋል?» ስልህ ትስቅ ነበር። ለዚያች ሳቅ ብዬ በቀን ሦስቴ እጠይቅህ ነበር፤ እሱን አታውቅም።

በ1970 የኅዳር ጽዮን ማኅበር ላይ ዘግይቼ ደረስኩ። ሴቶቹ ሲቆጡኝ ለጨዋታ ብዬ፣ «እኛም ቤት ሌላ ማኅበር አለ። የመምህር ነው። ዘጠኝ ናቸው፤ ድምፃቸው አይሰማም፤ አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራል» አልኳቸው። ዓሣ ማለቴን አልነገርኳቸውም፤ ጨዋታው እንዳይበላሽብኝ። ሁሉም ሳቁ። የአብዮት ጥበቃው የአረጋ ሚስት ሸጌም አብራን ሳቀችና ቤቷ ገብታ ለባሏ አወራችው።

በሦስተኛው ቀን አረጋ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። «የማኅበሩ አባላት ዘጠኝ መሆናቸውን ደርሰንበታል። ስማቸውን አምጣ! መሪውስ ማነው?»

ወዲያው ገባህ። ማኅበር የሚላቸው ከእኔ ሌላ ማን ነበር? ወደ ሣጥኑ በእጅህ አሳየኸው። «እነዚያውልህ። መሪ የላቸውም።»

አረጋ የቀለድክበት መሰለውና በሰደፍ መታህ። እኔ በሩ ጥግ ቆሜ ነበር። «እኔ ነኝ ያልኩት፣ ለጨዋታ ነው» ማለት አቃተኝ። ሲወስዱህ ዘወር ብለህ ያልከኝ «ውሃውን በየሦስት ቀኑ ቀይሪላቸው» ብቻ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ውሃውን ቀየርኩ። ግን ዕድሜያቸው ነው መሰለኝ አንድ በአንድ አለቁና አንድ ብቻ ቀረ። እሱም ጥግ ገብቶ መብላት ተወ። አምስት ቀን ታግሼ የፊት መስታወቴን ከሣጥኑ ጎን አስደገፍኩለት። ራሱን አይቶ ጓደኛ የመጣለት መሰለውና ከጥጉ ወጣ። ከመስታወቱ ዓሣ ጋር እኩል ይዞራል፣ እኩል ይመለሳል፤ ይበላልም። እኔ እስከ ዛሬ ፀጉሬን የማበጥረው በግምት ነው፤ እናቴ «ምን ነካት ይቺ ልጅ» ትላለች። አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ሣጥኑ ፊት ተቀምጠው «ተመስገን፣ ሁለት ቀርተዋል» ይላሉ። አንድ ነው ብዬ አላርማቸውም።

ተክለ ሚካኤል፣ ያሳሰርኩህ እኔ ነኝ። ብታውቀውም ከአፌ ልትሰማው ይገባል። እወድህ ነበር፣ ግን ፈራሁ። አሁንም እወድሃለሁ። ሁለት ዓመት ተኩል ከዕድሜህ ወስጄ ይቅር በለኝ ማለት ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ይቅር በለኝ። ብትመጣ ቤቱ ያው ቤትህ ነው። ባትመጣም አልቀየምህም፤ ዓሣህን እየጠበቅሁ እኖራለሁ።

አረጋ ያን ቀን የአባላቱን ስም ፈልጎ አንድም አላገኘም። ያኔ በሩ ጥግ ቆሜ መናገር የነበረብኝን ስም፣ ይኸው ዛሬ በገዛ እጄ ጻፍኩት።

ማኅበርተኛህ፣
አስቻለች ወልደ ሩፋኤል