ከሲሚንቶው ሥር የነበረው ድንጋይ፦ የግንበኛው የጋሽ ቱምቢ የሕይወት ታሪክ

ሁላችን ጋሽ ቱምቢ እያልን የምንጠራቸው ወንድማችን፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ግንቦት 8 ቀን 1941 ዓ.ም. ከድንጋይ ጠራቢዎች ግቢ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቤት ተወለዱ። ቱምቢ ማለት ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚለካበት፣ በክር የሚንጠለጠል ብረት ነው። ስሙን ያወጡላቸው አባታቸው ናቸው። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣ ሰውን ከላይ እስከ ታች የሚያይ ስለነበረ፣ አጠገቡ የቆመ ሁሉ የራሱ መዝመም ይታወቀዋል ይሉ ነበር። ስሙም እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ቀረ።

በ1948 ዓ.ም. ትምህርት ጀመሩ። የእጅ ጽሑፋቸው ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር፤ ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር ግን ማስመሪያ አያስፈልጋቸውም። በ1960 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በግንባታ ሙያ ተመርቀው፣ ያረጁ የድንጋይ ሕንፃዎችን በሚጠግን ድርጅት ተቀጠሩ። ኖራን የተዋወቁት እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ከሰው ሁሉ ይልቅ የሚወራው ስለ ኖራ ሆነ። እንግዳ መጥቶ ገና ወንበር ሳይስብ፣ ኖራ እንደሚተነፍስ፣ ሲሚንቶ ግን እንደማይተነፍስ ይነገረው ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙትም በኖራ ምክንያት ነው። በ1967 ዓ.ም. የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ሲጠግኑ፣ ብናኙ ፊት ለፊት የሚኖሩት መምህርት ባሰጡት ልብስ ላይ አረፈ። መምህርቷ ወርደው የሚሉትን ሁሉ አሉ። ጋሽ ቱምቢ ልብሱን ሰብስበው ወሰዱና በማግስቱ አጥበው አመጡ። መምህርቷ እስከ ዛሬ ድረስ "አጠባው አልጸዳም ነበር፤ ነገር ግን አንጀቴን በላው" ይላሉ። በ1968 ዓ.ም. ተጋብተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ሴቷ ቁርጥ አባቷን ናት፤ ዛሬ በሙያው ላይ ያለችውም እርሷ ናት።

የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ የከተማው ክበብ ቤት ነው። ይህ ቤት ባለ አንድ ፎቅ፣ በረንዳው በቅስት የተሠራ፣ በሩና መስኮቶቹ ዙሪያቸውን በድንጋይ አበባ የተከበቡ ነበር። ከላይ ሰው ሲደንስ፣ ከታች ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ፤ በማንበቢያ ክፍሉ ደግሞ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ደፍቶ የሚተኛ አይጠፋም። በ1952 ዓ.ም. የክበቡ ኮሚቴ ድንጋዩ ጠቆረ፣ አረጀ፣ ዘመናዊ ይሁን ብሎ ወሰነ። ቤቱን ከላይ እስከ ታች በሲሚንቶ የለሰኑት የጋሽ ቱምቢ አባት ናቸው።

አባታቸው በዚህ ሥራ ስማቸው ተጠራ። ልስኑ እንደ መስታወት ለስላሳ ነበር። ላዩ ላይ ደግሞ ጡብ ጡብ እንዲመስል መስመር አሰመሩበት። ድንጋይ በሲሚንቶ ሸፍኖ ሲሚንቶው ላይ ድንጋይ መሣል ዛሬ ቢያስቅም፣ ያኔ ሰው ቆሞ ያደንቀው ነበር። እሑድ እሑድ መላው ቤተሰብ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ በክበቡ ፊት ለፊት ያልፋል። መንገዳችን ባይሆንም እንኳ በዚያው እንዞራለን። አባታችን ቀና ብለው አይተው "ይቆይ" ይላሉ፤ ዘመናት ይሻገር ማለታቸው ነው። ለእኛ ለልጆቹ ያ ግድግዳ እንደ አንድ ወንድም ነበር።

ነገር ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል። በስንጥቁ የገባው ውሃ ከሲሚንቶው ሥር መውጫ አጣ። በ1983 ዓ.ም. ልስኑ ተነፋፍቶ መውደቅ ጀመረ፤ የማንበቢያ ክፍሉም ግድግዳ ሻገተ። ኮሚቴው ጥገናውን ለጋሽ ቱምቢ ሰጠ። እርሳቸውም ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እየመቱ አዳመጡ። ብዙው ቦታ ባዶ እንስራ ይመስል ይጮኻል። ሲሚንቶው መውረድ ነበረበት፤ የአባታቸው ስም ያለው ደግሞ እዚያው ሲሚንቶ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። አባትና ልጅ ይዋደዱ ነበር፤ ከቁም ነገር ላይ ሲደርሱ ግን በቀጥታ አይነጋገሩም። ሁሉም በእናታችን በኩል ያልፋል። እናታችን ከስፌት መኪናው ቀና ብለው የአንዱን ለአንዱ ያደርሳሉ፤ ረጅሙን ነገር ማሳጠር ደግሞ ልማዳቸው ነበር። ጋሽ ቱምቢም አባታቸውን ፊት ለፊት መጠየቅ ከብዷቸው፣ ልስኑ እንዲወርድ ይፈቅዱ እንደሆነ በእናታቸው በኩል አስጠየቁ። መልሱ በአንድ ቃል ተመለሰ፦ "ይቆይ።"

ጋሽ ቱምቢ ይህን ቃል ከእነዚያ እሑዶች ጀምሮ ያውቁታል። አይነካ ማለት ነው ብለው ተረዱት። ማንም ሳያይ ልባቸው ተሰበረ። መወጣጫውን ከመትከል ሠራተኞቹን አገዱ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እያሉ ወተወቱ። በመጨረሻም ክረምቱ እስኪወጣ ካልጀመሩ፣ ሥራውን በመሰርሰሪያ መኪና ቶሎ ለሚያፈርስ ተቋራጭ እንደሚሰጡት ቁርጡን ተናገሩ። መኪናው ከሲሚንቶው ጋር የድንጋዩን አበባ ሁሉ ይዞት እንደሚወርድ ጋሽ ቱምቢ ያውቃሉ። ያም ሆኖ የአባታቸውን ቃል ከመጣስ ዝም ማለትን መረጡ። ባለቤታቸው በዚያ ክረምት በምሽት አንድ ቃል ከባላቸው አፍ ለማውጣት ጥርስ ከመንቀል ይከብድ ነበር ብለው ይናገራሉ።

በወላጆቻችን ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ይታይ ነበር። ዝናቡ ባባራ ሰሞን አባታችን መሮዎቻቸውን አውጥተው ይስሉ ጀመር። በየማለዳው ደጅ ወጥተው ሰማዩን ያያሉ፤ ይህ ልጅ ምን እስኪሆን ነው የሚጠብቀው እያሉ ይቆጣሉ። እናታችን ነገሩ ግራ ገብቷቸው መቀሳቸውን እንደያዙ ቀሩ። በመጨረሻ አባታችን ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያልለበሱትን የሥራ ቱታ ለብሰው፣ የመሮ ከረጢታቸውን አንግተው ወደ ክበቡ ሄዱ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህትም ከኋላ ከኋላ ተከተለች።

ጋሽ ቱምቢ በበረንዳው ሥር ዕቃቸውን ጠቅልለው ሊሄዱ ሲሉ ደረሱባቸው።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉ አባት።

"ይቆይ ብለውኝ ነበር እኮ፣ አባባ።"

"ዝናቡ እስኪያባራ ነዋ! እርጥብ ድንጋይ ይነካል እንዴ?"

የቃሉ ሁለት ፍቺ አንድ ክረምት ሙሉ አባትና ልጅን ለይቶ እንደከረመ የገባቸው እዚያው ቆመው ነው። ከዚያ አባት ከረጢቱን መሬት አስቀመጡና "የኔን ሥራ የማወርደው እኔ ነኝ። አንተ ከሥር ያለውን ጠብቅ" አሉ።

በማግስቱ መወጣጫው ተተከለ፤ አባትና ልጅ አብረው ወጡ። አባት በመሮ ጠርዙን እየፈለቀቁ፣ ልጅ እየደገፉ፣ ከዋናው በር በላይ ያለው ልስን ወረደ። ከሥሩ የድንጋዩ አበባ ወጣ። አበባው ግን ቅጠሎቹ ተፈልጠው ነበር። ሲሚንቶ በለስላሳ ድንጋይ ላይ አይይዝም፤ እንዲይዝ ድንጋዩን አስቀድሞ በመጥረቢያ መፈለጥ የዚያ ዘመን አሠራር ነው። አባታችን የራሳቸውን ምት አወቁት። ከዚያች ቀን በፊት ማንም ሲያለቅሱ አላያቸውም፤ በዚያች ቀን ግን መወጣጫው ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው አለቀሱ። ጋሽ ቱምቢ አላጽናኗቸውም። አጠገባቸው ተቀምጠው፣ በእናታቸው በኩል ሳይሆን በራሳቸው አፍ "ቀጥሎ ከየት እንጀምር፣ አባባ?" ብለው ጠየቋቸው።

ሥራው በ1985 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። የተሰበረው ተተካ፤ መጋጠሚያው ሁሉ በኖራ ተሞላ፤ የጀርባው ተራ ግድግዳም በኖራ ተለሰነ። አባታችን በ1988 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ከልጃቸው ጋር እንደ ጓደኛ ሲያወሩ፣ ሲከራከሩ፣ አንዳንዴም ሲሰዳደቡ ኖሩ። እናታችን ሥራ ፈታሁ ብለው ቀለዱ። በጋሽ ቱምቢ ቤትም ሕግ ወጣ፦ "ይቆይ" ያለ ሰው እስከ መቼ እንደሆነ ሳይናገር ከገበታ አይነሳም።

ጋሽ ቱምቢ ከዚያ በኋላ ብዙ አሮጌ ሕንፃዎችን ጠግነዋል፤ ሙያውንም ሳይሰስቱ አስተምረዋል። የዘመናት የድንጋይ ብናኝ ግን ሳንባቸውን ጎድቶት ኖሮ፣ በ2014 ዓ.ም. ታመው ከቤት ዋሉ። ባለፈው ዓመት ደግሞ የክበቡ የጀርባ ግድግዳ ኖራ አርጅቶ መራገፍ ጀመረ፤ ኮሚቴውም ሥራውን ለልጃቸው ሰጠ። ልጅቷ እንዴት ብላ እንደምትጠይቃቸው ቸግሯት በራቸው ላይ ትመላለስ ነበር። ጋሽ ቱምቢ አላስጠየቋትም። እናቷን፣ ወንድሟንና አክስቷን ጠርተው አስቀመጡና፣ በዕድሜያቸው ሙሉ ተናግረው የማያውቁትን ረጅም ንግግር ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ተናገሩ፦

"እኔ የለሰንኩትን ልጄ ታውርደው። እያየሁም ታውርደው፣ ከሞትኩም በኋላ ታውርደው። ማንም 'አባትሽ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር' እንዳይላት፤ ደስ ይለኛል። ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ሌላ ፍቺ የለውም።"

በተወለዱ በ75 ዓመታቸው፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በዙሪያቸው እንዳለ አረፉ። ባለቤታቸው መምህርቷ፣ ሴት ልጃቸው ግንበኛዋ፣ ወንድ ልጃቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ። በኀዘናችን ለቆማችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልን።

ፈጣሪ ያን የደከመ ትንፋሽ ያሳርፍልን፤ ነፍሳቸውንም ሕመም በሌለበት ያኑርልን። ከዚህ ስትመለሱ በክበቡ ጀርባ ብታልፉ መወጣጫው እንደ ቆመ ታያላችሁ። ሥራው ለዛሬ ብቻ ቆሟል። ልጃቸው ነገ ማለዳ ወጥታ የአባቷን ልስን ማውረዷን ትቀጥላለች።