ለሐኪሟ የሰጠሁት መልስ

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፺ ዓ.ም.፣ ሲኤምሲ

ይድረስ ለገዛ ልቤ። ዛሬ የሆነውን ነገ በኩራት እንዳትክድ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

ወደ ልጄ ወደ ዳዊት ቤት ከገባሁ ወዲህ እንቅልፍ እንደራቀኝ፣ ደረቴም እንደሚታፈን አንተ ታውቃለህ። ጭንቀት የሚባለውን ሕመም ጸሎት ያስታጎሉ ሰዎች ሰበብ ነው እያልሁ ስነቅፍ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ሄድሁ። ወጣቷ ሐኪም መርምራኝ ልቤ ጤነኛ መሆኑን ከነገረችኝ በኋላ «እርስዎስ እንዴት ነዎት?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እንቅልፍስ?»

«ይመስገን።»

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ፈገግ አለች። «አባቴ፣ ምስጋናውን እግዚአብሔር ሰምቶታል። ሕመሙን ደግሞ ለእኔ ይንገሩኝ።»

ተቆጥቼ ልነሣ ነበር፤ ነገር ግን አፌ ተከፈተ። ቀኑን ሙሉ በዳዊት ቤት ረጅም አጥር ውስጥ ሰው ሳላናግር እንደምውል፣ የልጄም ዝምታ እንደሚያስፈራኝ ነገርኋት። ስወጣ ደረቴ ቀልሎኝ፣ ታክሲ ሳልጠብቅ ያን ሁሉ መንገድ እንደ ጎረምሳ በእግሬ ሄድሁ። ምስጋናና እውነት እንደማይጣሉ በዚህ ዕድሜዬ ተማርሁ።

እራት ላይ ዳዊት እንደ ልማዱ «እንዴት ዋሉ አባዬ?» ሲለኝ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን ከፍቶኝ ነው የዋልሁት» አልሁት። እጁን ከገበታው ሰበሰበ። ቃሉም እንዲህ የሚል ነበር፦

«እኔም ከከፋኝ ቆየሁ አባዬ። እርስዎን ፈርቼ ነው ‹ይመስገን› እያልኩ የኖርኩት።»