አንተ የከፈትከው፣ እኔ የዘጋሁት ካምቢዮ

ውድ ጋሼ፣

ተናድጃለሁ። ሰላምታውን ከንዴቱ በኋላ ታገኘዋለህ። ስምንት ወር ሙሉ በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ትልና መልሴን እንኳ ሳትሰማ ስልኩን ለባለቤትህ ታቀብላለህ። መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ መለዋወጫ በመስኮት ሲያቀብል የሚውል ሰው እህቱንም እንደዚያው ማቀበል ይለምድ ይሆናል። ስለዚህ ጻፍኩልህ። በጨርቅ የጠቀለልኩትን ነገር አሁን አትፍታው፤ ኪስህ ውስጥ ክተተውና መጀመሪያ አንብብ። እኔ ብሆን ኖሮ እፈታው ነበር፣ አንተ ግን እንደማትፈታው አውቃለሁ።

የካፒቴኑ መኪና ተመልሳ መጣች።

አዎ፣ ያቺው ጥቁር ስፖርት መኪና። ጡረተኛው አብራሪያችን ያን ጊዜ ተቆጥቶ ከወሰዳት ጀምሮ ሸራ አልብሶ አስቀምጧት ኖሯል። ከወር በፊት በጭነት መኪና አስጭኖ አመጣትና ጋራዣችን በር ላይ አስወረዳት። በእጁ ያንን የሚያብረቀርቅ የዘይት ቆርቆሮ ይዟል፣ «ለማንኛውም ኦቶማቲክ ካምቢዮ» የሚል የተለጠፈበትን። ሰባት ወር ሙሉ ከዚያ ቆርቆሮ ጋር ሲተኛ የከረመ ነው የሚመስለው።

«የወንድምሽን ዘይት አፍስሺና ይሄን ሙይልኝ» አለኝ። «ሦስት ሳምንት አስጠብቆ ያመጣው ዘይት ካምቢዮዬን ገደለው።»

ጥርሴን ነክሼ መኪናዋን አስገባሁ። ምን ልበለው?

ክርክራችሁን አልረሳሁትም። አንተ በጀርባህ ተኝተህ፣ ባትሪ በአፍህ ይዘህ፣ ካምቢዮው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ብረት በጨርቅ ጠርገህ ቁጥሯን መዳፍህ ላይ ጻፍክ። ከዚያ ወጥተህ ቆርቆሮውን መለስክለት።

«ካፒቴን፣ ለሰው ሁሉ እግር የሚሆን ጫማ ገዝተው ያውቃሉ?»

«ዘይት ዘይት ነው፣ አታካብደው።»

«አውሮፕላኑ ላይስ ያገኙትን ነበር የሚሞሉት?»

እኔ ከተከፈተው ኮፋኖ ጀርባ ሳቄን አፈንኩ። ከዚያ እንደ ተማሪ አስቀምጠህ አስረዳኸው። ይቺ መኪና ማርሽ የምትቀይረው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው፤ ካምቢዮው ውስጥ ያሉት የብረት ሳህኖች የሚጨባበጡት በዘይቱ ግፊት ነው፤ ዘይቱ ካልተስማማቸው ይንሸራተታሉ፣ ከተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። «የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም ብለውኛል» ሲልህም «የማን ዕድሜ? የእርስዎ ወይስ የካምቢዮው?» አልከው። ሦስት ሳምንት ጠብቀን ያ ቁጥር የተጻፈበት ዘይት መጣ።

አሁን ወደማልወደው ቀን ልምጣ። በሆዴ ይዤው ነው የከረምኩት።

አሮጌውን ዘይት አፈሰስክ፣ ለካህ፣ ደብተርህ ላይ «ስድስት ሊትር ወጣ» ብለህ ጻፍክ። ፊልትሮውን ቀየርክ፣ አዲሱን መሙላት ጀመርክ። ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ተደወለ፣ ልጅህ ከዥዋዥዌ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ። እጅህን ሱሪህ ላይ እየጠረግህ ወጣህ። በሩ ላይ ቆም ብለህ፣ ልጅህ ተሰብራብህ እንኳ ቆም ብለህ፣ በቅጽል ስሜ ጠርተህ «ጥድፊያ፣ እስክመለስ እንዳትነኪው። የከፈተ ይዝጋ» አልከኝ።

የከፈተ ይዝጋ። አባዬ ጋራዡን ሲከፍት ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የጻፈው ብቸኛ ሕግ። የፈታው እጅ ምን እንደፈታ ያስታውሳል፣ የሌላ ሰው እጅ ይገምታል ይል ነበር። እሱ ሞቶ፣ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተቀብቶ እንኳ በጽሑፉ ዙሪያ እየዞርን ነው የቀባነው።

ካፒቴኑ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ቁልፉን ያንቃጭላል። እንደገና ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ «ዘይት መሙላት ይሄን ያህል ነው እንዴ? ያንቺ እጅ አይሠራም?» አለኝ።

እንግዲህ እዚች ላይ ደሜ ፈላ። አሥራ ሁለት ዓመት ቱታ ለብሼ፣ አሁንም የሚመጣው ሁሉ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ «ወንድምሽ የለም?» ነው የሚለኝ። አንተ ይህን ሰምተህ አታውቅም፤ አንተን ነዋ የሚፈልጉት። እጄ እንደሚሠራ ላሳየው ገባሁ። ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ ተርፎ እስኪፈስ ሞላሁ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ፣ ቁልፉን ሰጠሁት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ሞተር ሳላስነሳ፣ ጋሼ።

አላውቅም ነበር ብል ደስ ባለኝ። አውቅ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑ ዘይቱን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ከታች ይጎድላል፣ ያን ጊዜ ነው የቀረው የሚጨመረው። አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ፍሬን ረግጦ ማርሹን አንድ በአንድ ያስገባል፣ ሌላው ከሥር ሆኖ የዘይቱን ሙቀት እየለካ ከቀዳዳው ጠብታ እስኪወርድ ይጠብቃል። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። «ካፒቴን፣ ይግቡና ፍሬን ይርገጡልኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ያቺን ልመና ማን ይለምን! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት እኔን አይተው ነው።

በሦስተኛው ቀን እየጮኸ መጣ። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም፣ ከዚያ በድንገት ትዘላለች። «ዘይቱ ነው! የዚህ ሰው ዘይት ነው!» አለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ። አንተ ወደ እኔ ዞርክ። ልጅህን ታመሽ ወይ ብለህ በምትጠይቅበት ድምፅ ነበር የጠየቅኸኝ።

«ጥድፊያ፣ ሞተሩን አስነስተሽ፣ የዘይቱን ደረጃ አይተሽ ነው የዘጋሽው?»

«አዎ» አልኩህ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አመንከኝ። ከፍቼ ልየው ስትል እንኳ ካፒቴኑ «ሁለተኛ እንዳትነካት» ብሎ አስነስቷት ሄደ። አንተ መዳፍህን ገልብጠህ አየህ፣ ቁጥሩ እዚያ ያለ ይመስል። ለሳምንት ያህል መጽሐፍህን ስታገላብጥ፣ ያንን ቁጥር ስትመረምር አየሁህ። በሳምንቱ ቱታህን አጣጥፈህ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥክ። «ሃያ ዓመት ሠርቶ ዘይት መምረጥ ያቃተው ሰው፣ ሰው ነፍሱን አምኖ የሚነዳውን መኪና መንካት የለበትም» ብለህ ቤተሰብህን ይዘህ ሌላ ከተማ ገባህ። ባለቤትህ እንደነገረችኝ የራስህን መኪና ዘይት እንኳ ሰው ነው የሚቀይርልህ።

አሁን ልጠይቅህና እስቲ መልስልኝ፦ ለምን አመንከኝ? ይኼ ነው ሌሊትና ቀን የሚያንገበግበኝ። ስሜን ጥድፊያ ብለህ ያወጣኸው አንተ አይደለህም? ጫማዬን ሳላስር ትምህርት ቤት የሄድኩት፣ የራዲያተር ክዳን በትኩሱ ከፍቼ ፊቴን ያቃጠልኩት እኔ አይደለሁም? በዕድሜዬ አንድ ነገር አጣርቼ ዘግቼ አውቃለሁ? አንዴ ብቻ «ውሸትሽን ነው» ብትለኝ ኖሮ እዚያው አለቅስ ነበር፣ ያልቅ ነበር። አንተ ግን እህትህን ከመጠርጠር ራስህን መጠርጠር ቀለለህ። በዚህ በጣም ተናድጃለሁ፣ ከራሴ ቀጥሎ የተናደድኩት ባንተ ነው።

እና ከወር በፊት ያንን ዘይት አፈሰስኩት። ሳፈስ ጸሎት ቢጤ እየሞከርኩ ነበር፣ ጥቁር ሆኖ ይውጣ፣ የተቃጠለ ይሽተት፣ ጥፋቱ የዘይቱ ይሁን ብዬ። ቀይ ሆኖ ወጣ። ንጹሕ። አሸተትኩት፣ ምንም የለውም። ለካሁት። አራት ሊትር። እንደገና ለካሁት። አንተ ስድስት አውጥተህ ነበር፣ እኔ የመለስኩት አራት ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ምርጫህ ትክክል ነበር። ዘይትህ ደህና ነበር፣ ጎዶሎው ከእኔ ነው።

ለካፒቴኑ በዚያው ዕለት ደውዬ ነገርኩት። መጣ፣ መለኪያውን አየ፣ ደብተርህን አነበበ። ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ ያ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ሰዉን ሁሉ ወደዚያ ሰውዬ እንዳትሄዱ ስል ነው የከረምኩት» አለ። ቀጠለና፣ «ያንቺ እጅ አይሠራም ወይ ያልኩሽንም ባልናገር ይሻል ነበር።»

«እርስዎ ተናገሩ እንጂ የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ቆርቆሮውን ትቶልኝ ሄደ። አሁን ለበሩ መደገፊያ ሆኗል፣ ለሱ ይስማማል። ያንኑ ያንተን ቁጥር ዘይት አዘዝኩ፣ ትናንት ደረሰ። ደግነቱ ሦስት ቀን ብቻ ስለተነዳች ሳህኖቹ የተረፉ ይመስለኛል፤ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ግን ሞተሩ ተነስቶ ነው። ዛሬ ጠዋት ከቀዳዳው እስኪፈስ ድረስ ሞላሁና አቆምኩ። ከስምንት ወር በፊት አንተ ሥራውን ያቆምክበት ደረጃ ላይ ናት። ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ወትፌዋለሁ። ካፒቴኑ «እኔ ገብቼ ፍሬን ልርገጥልሽ፣ እንጨርሰው» አለኝ። አይሆንም አልኩት። «ታዲያ እስከ መቼ?» ሲለኝ ወደ ግድግዳው አሳየሁት። አነበበና ሳቀ፤ «ሦስት ሳምንት ጠብቄ የለ» አለ።

ይቅር በለኝ፣ ጋሼ። ይህን በስልክ ልልህ ስምንት ወር ሞክሬ፣ በእያንዳንዱ «ደህና ነኝ» ምላሴን ውጫለሁ። ተቆጣኝ፣ ስደበኝ፣ ከፈለግህ ጨርሰን ስንወጣ አታናግረኝ። የልጅህ ክንድ ከዳነ እሷንም አምጣት፣ ማርሹን እሷ ትቁጠርልን። ቱታህ መደርደሪያው ላይ እንዳጣጠፍከው ነው፣ አልነካሁትም።

አሁን ጨርቁን ፍታው። የመሙያው ብሎን ነው። ሌላ አልገዛም፣ ከየትም አልዋስም። አንተ ከፍተኸዋል፣ አንተ ትዘጋዋለህ።

እየጠበቀችህ ያለችው እህትህ፣
ጥድፊያ