የእናትየውን ክር ለቆረጡልን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን የኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እየተመኘሁ፣ በተለይ ስለ ዓይንዎ ያለኝን አሳቢነት እገልጻለሁ። እጅዎ ብርቱ እንደሆነ ባለፈው ሳምንት በአዳራሻችን በር ላይ ሁላችንም አይተናል፤ ዓይንዎ ግን ጥቂት ዕረፍት ሳያስፈልገው አይቀርም።

እኔ የአዳራሹ የዐውደ ርእይ አዘጋጅ ነኝ። ለእንግዶችዎ ሲያስተዋውቁኝ «ሥዕል የሚሰቅልልን ሰውዬ» ብለውኛል። ወጣትነቴን ይህን ሙያ ስማር፣ ጉልምስናዬን ደግሞ ሙያው ምን እንደሆነ ለጽሕፈት ቤትዎ ሳስረዳ ጨርሻለሁ። ሠዓሊ እመርጣለሁ፤ የትኛው ሥራ ከየትኛው ጎን ቢቆም እንደሚናገር፣ ከየትኛው ጎን ቢቆም ድምፁ እንደሚጠፋ አስባለሁ፤ አምፖል አስተካክላለሁ፤ ደጅ እጠናለሁ። ነፍሷን ይማረውና እናቴ ለጎረቤቶቿ «ልጄ ግድግዳ ይጠብቃል» ትል ነበር። ከእርስዎ ይልቅ እሷ ለእውነቱ ቀርባለች።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ በዕለቱ ላልነበሩ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገር። አንዲት በክር የምትሠራ ሠዓሊ፣ ሟች እናቷ በገዛ እጇ የሠራችውን ቀይ ሹራብ ተርትራ፣ ክሩን ከመግቢያው በር እስከ መጨረሻው ግድግዳ ድረስ በምስማሮች ላይ እያዞረች ወጠረችው። ሥራው አንድም ቦታ ያልተበጠሰ አንድ ክር ነው፤ አለመበጠሱ ነው ሥራው። እንግዳ ሁሉ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። የመመረቂያው ሪባን አለፍ ብሎ፣ በውስጠኛው በር ላይ ነበር፤ ሰማያዊ። እርስዎ ግን ማጎንበስ ስላልለመዱ መቀስ ጠየቁ። ስለዚህ በቅደም ተከተል ላመስግንዎ።

፩ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። አንድ የመንግሥት ጉዳይ በጽሕፈት ቤትዎ እጅ እንዲህ ሳይጓተት ሲፈጸም በሥራ ዘመኔ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። «ክቡርነትዎ፣ እሱ አይደለም!» ብዬ ስጮኽ ጭብጨባው ዋጠኝ። ክሩ ከምስማር ምስማር እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ፤ ሠዓሊዋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ፎቶ አንሺው «ክቡርነትዎ፣ አንድ ጊዜ ወደዚህ» ይላል።

፪ኛ. ስለ ንግግርዎ አመሰግናለሁ። ኪነ ጥበብ ትውልድን ከትውልድ እንዴት እንደሚያስተሳስር ሰፊ ማብራሪያ ሲሰጡ በሁለቱም ጫማዎ የቆሙት በእናትየው ክር ላይ ነበር። ንግግሩም እንደ አቋቋምዎ የጸና ነበር።

፫ኛ. ጽሕፈት ቤትዎ በማግስቱ ባወጣው መግለጫ፣ ክሩ «ተቆርጦ እንዲወድቅ ታስቦ የተሠራ አዲስ የምረቃ ስልት» እንደነበር አብራርቷል። ሠዓሊዋም ይህን ያነበበችው እንደ ሌላው ሰው በስልኳ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ እናንተ ግን አረሙንም መረቃችሁት።

፬ኛ. ስልቱ መወደዱን ከአማካሪዎ በስልክ ተረዳሁ። ዓርብ በመዝጊያው ዕለት የእርስዎ የበላይ አለቃ የክብር እንግዳ ስለሆኑ፣ ክሩ ተቋጥሮ እንደገና ይወጠርና እሳቸውም ይቁረጡት ተብሏል። አይሆንም ብል አማካሪዎ፣ ልጄ የሚሆን ትሑት ወጣት፣ «ቋጠሮ እኮ ነው ጋሼ፣ ምን ያስካብዳል? ካልሆነም ሌላ ሹራብ እንገዛላታለን» አለኝ። በዚሁ አጋጣሚ ውሻ እንኳ በበላበት እንደሚጮኽ አስታውሶ፣ ካልቋጠርኩ አዳራሹን ለሚቋጥር ሰው እንዳስረክብ መከረኝ። ስለ ምክሩም ስለ ውሻውም አመሰግናለሁ።

ትእዛዙን ለሠዓሊዋ ማድረስ ሥራዬ ስለሆነ አደረስኩ። አልጮኸችም። «ለአንድ እናት አንድ ቀብር ይበቃል» አለችና ተንበርክካ ክሩን ከወለሉ መሰብሰብ ጀመረች። ወደ አንድ ኳስ አልጠቀለለችውም፤ ሁለት አድርጋ ወሰደችው። ሌላ ሥራ ለማንም አዳራሽ እንደማትሰጥም ነገረችኝ። ይህች ሴት በሙያ ዘመኔ ካገኘኋቸው ሁሉ የምትበልጥ ናት፤ ይህንንም የምጽፈው ማጋነን የማልወድ ሰው ሆኜ ነው። ካሳ አልጠየቀችም፣ ክስ አላሰበችም። እርስዎ ራስዎ እሷ ዘንድ ሄደው፣ ያለ ካሜራና ያለ አማካሪ፣ «ተሳስቼ ነው የቆረጥኩት» እንዲሏት ብቻ ትፈልጋለች። አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ የንግግር ጸሐፊም አትፈልግም።

እስከዚያው ክሩ አይቋጠርም። ሌላ ሹራብም አይገዛም። ግድግዳዎቹ ባዶ ምስማሮቻቸውን ይዘው እስከ ዓርብ ክፍት ናቸው፤ ከሥራቸውም የሠዓሊዋ ስም፣ የሥራው ርእስና «በምረቃው ዕለት በኃላፊው ተቆረጠ» የሚል ቃል ተለጥፏል። ሕዝቡም እየመጣ እያነበበ ነው። በሥራዬ ላይ ተመልካች እንዲህ ረጅም ጊዜ ቆሞ አይቼ አላውቅም፤ ይህም በከፊል የእርስዎ ውለታ ነው።

ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎ እንዲሞቅ፣ በሚያልፉበት ሁሉ በሩ ከፍ እንዲልልዎ በመመኘት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የአዳራሹ የዐውደ ርእይ አዘጋጅ
(እስከ ዓርብ)

ማስታወሻ፦ የክብር እንግዳው መቀስ ይዘው የሚቆርጡት አጥተው እንዳያፍሩብዎ፣ የቅጥር ውሌን በሩ ላይ በደረታቸው ልክ አንጠልጥዬላቸዋለሁ። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ አያስቸግራቸውም። ከመቁረጣቸው በፊት ግን ምን እየቆረጡ እንደሆነ አንድ ሰው ቢነግራቸው ደግ ነው።