መርዶ ያልተነገረላት ካሳነሽ

ይድረስ ለታላቅ እኅቴ ለእትዬ የትምወርቅ፤ አንኮበር።

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ክረምቱን በደህና ወጣሽው? ጋሼ ተክለማርያም ዓይናቸው ተሻላቸው ወይስ አሁንም ዳዊታቸውን ክንዳቸው እስኪደርስ አርቀው ነው የሚያነቡት? ቆንጅትስ ትምህርት ቤት ገባች ወይስ ያ ጥጃ ከእሷ በቀር ሰው አልከተልም ብሎ አስቀራት? የጓዳው ጣራ ማፍሰሱን ተወ? የአሥር ወር ጥያቄ ባንድ ጊዜ ስዘረግፍብሽ አትታዘቢኝ። እኔን እንደሆነ ለጠየቀኝ ሁሉ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ላንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ደክሞኛል። እንቅልፍ የማያድነው ድካም ነው።

ሦስት ደብዳቤ ልከሽልኝ ሦስቱም ደርሰውኛል። ፖስታ ቤቱ አላጠፋቸውም፣ መልስ የነፈግሁሽ እኔ ነኝ። ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ግን አፍ አውጥቼ ተናግሬው አላውቅምና ዛሬ ልናገረው። እምዬ ያረፈችው ካቻምና ግንቦት ላይ ነው። አንቺ እስከ ጥር ድረስ በየደብዳቤሽ ግርጌ «እምዬ ደህና ናት፣ ጉንጭህን ትስማለች» እያልሽ ጻፍሽልኝ። አራት ጊዜ ሳመችኝ፣ አራቱንም ጊዜ አፈር ለብሳ። ጥር ላይ ያ የአገራችን ሹፌር በዛብህ ቡና ሊጭን ዲላ መጥቶ መንገድ ላይ አገኘኝና የሰማሁ መስሎት «እግዜር ያጥናህ» አለኝ። ማንን ነው የምታጽናናው ብዬ ጠየቅሁት። ሰውዬው ደንግጦ መኪናው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም፤ ከመንገድ አንሥቶ ቤቴ ያስገባኝ ሽብሩ ነው። ያን ቀን ነው ላልጽፍልሽ የማልሁት።

ሽብሩ ማለት የክሊኒካችን ዘበኛ ነው። የዚሁ አገር ሰው፣ የጌዴኦ ልጅ፣ ጴንጤ፣ ሁለት ሜትር የሚሆን ቁመት ያለው። ዘበኝነቱ የደመወዝ ነው እንጂ ዋናው ሥራው የእኔ አፍ መሆን ነው። እኛ ዘንድ ጠዋት ጠዋት ካርድ ከመሰጠቱ በፊት ድሬሰሩ፣ ማለት መርፌ ወጊው እኔ፣ ለተሰበሰበው በሽተኛ ግማሽ ሰዓት የጤና ትምህርት ማስተማር አለበት። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ ሽብሩ ወደ አገሩ ቋንቋ ይመልሰዋል። መጀመሪያ የመጣልንን ወረቀት አነብላቸው ነበር፤ እኔ ሳነብ እነሱ ያንቀላፋሉ፣ ሽብሩም አንዳንዴ ቆሞ ያንቀላፋል። አንድ ቀን መሮኝ ወረቀቱን አጠፍሁና «ካሳነሽ የምትባል ሴት ነበረች፣ ከዝንብ ጋር ዱላ ቀረሽ ጠብ የነበራት» ብዬ ጀመርሁ። ሳቁ። በማግሥቱ ሌላ ሰው መፍጠሩ ታከተኝና ስለ ወባ ሳስተምር ያቺኑ ካሳነሽን አመጣኋት፤ ይርጉ የሚባል ነገር አልሰማ ያለ ባልም ዳርሁላት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እከክ አሲያዝኋቸው። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ሦስት ዓመት ሞላኝ።

እኔ እያንዳንዱን ተረት ለብቻው ነበር የማስበው፤ ዛሬ ታማ ትድናለች፣ ነገ አዲስ ቀን ነው። እነሱ ግን አልረሱም። ካሳነሽ ሁለት ዶሮ አላት ካልሁ፣ አንዲት አሮጊት ከወደኋላ ተነሥታ «ባለፈው ወር አምስት ነበር፣ ሦስቱን ማን በላ?» ትላለች። ይርጉ ጉድጓድ ቆፈረ ካልሁ «የቀኝ እጁ ገና መች ዳነ» ይሉኛል። ሽብሩ ደግሞ ዋና ተቆጣጣሪ ነው፤ ከመጀመሬ በፊት ጠጋ ብሎ ባለፈው ካሳነሽን የት እንደ ተውናት ያስታውሰኛል። ሳይታመሙ ለተረቱ ብቻ የሚመጡም ነበሩ። ያን ሁሉ በሽታ አሳልፋ ካሳነሽ እስካሁን መቆሟ እነሱን ሲያስገርም እኔን ያስቀኝ ነበር።

እትዬ፣ ካሳነሽ ማን እንደሆነች ሳታውቂ አልቀረሽም። ከመቀመጫዋ ስትነሣ «እሰይ ጉልበቴ፣ ዛሬም አልከዳኸኝም» ትላለች። በሽታን እንደ ክፉ ጎረቤት ትሰድባለች። ስትስል የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ታደርግና አጥፋ አጥፋ ሰው እንዳያይ ትይዘዋለች። ሌላ ሴት ከየት አመጣለሁ? አገሬ ሲናፍቀኝ ከማልቀስ ብዬ እምዬን በየጠዋቱ አንድ መቶ ሰው ፊት አስቀምጣት ነበር። ጥር ላይ ሞቷን ከሰማሁ በኋላም ትምህርቱ አይቆምምና በማግሥቱ ካሳነሽን ማናገር ነበረብኝ። እስከ ጳጉሜን ድረስ አናገርኋት። ድካሜ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

መስከረም ላይ ሐኪማችን ጠርቶ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች መርፌያቸውን ሳይጨርሱ እየጠፉ አስቸግረዋልና አስፈራራቸው አለኝ። መርፌው ስልሳ ነው፤ ሰዉ ሃያ ሲወጋ ሳሉ ጋብ ይልለትና ድኛለሁ ብሎ ይቀራል። እምዬስ ከደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት በሃያኛው መርፌ አይደል የቀረችው? እኔም በማግሥቱ ቆምሁና ከነሐሴ ጀምሮ በተረቴ መርፌ አስጀምሬያት የነበረችውን ካሳነሽን ገደልኋት። ሃያ መርፌ ተወግታ ተሻለኝ ብላ ቀረች፣ ሳሉ ተመለሰባት፣ ደም ተፋች፣ ሞተች፣ ተቀበረች አልሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለትምህርቱ ብዬ ብቻ አልነበረም። ልገላገላት ፈልጌ ነው። ሽብሩ ወደ ሕዝቡ ዞረና ተረጐመው። አንድም ከንፈር የመጠጠ ሰው አልነበረም። ሦስት ዓመት ያሳቀቻቸው ሴት ሞታ እንዲህ ከሆኑ ሰው ሁሉ ከንቱ ነው ብዬ እያዘንሁ ወደ መርፌ ክፍል ገባሁ።

ሙሉካ የምትባል የሁለት ልጆች እናት መርፌ ትወጋ ነበር። ቤቷ ከዲላ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ ትንሿን ልጅ አዝላ ዝናብ ቢሆን ፀሐይ ቢሆን አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም ነበር። ካሳነሽን መርፌ ካስጀመርኋት ወዲህ በየቀኑ በተሰባበረ አማርኛዋ «ካሳነሽ ዛሬ ስንት ደረሰ?» ትለኛለች። አሥር ካልኋት «እኔም አሥራ ሦስት፣ እኔ ይበልጣል» ብላ ትኰራለች። ካሳነሽን በገደልኋት በሳምንቱ ሙሉካ ቀረች። በሁለተኛው ሳምንትም የለችም። በሦስተኛው ጎረቤቷን አግኝቼ ብጠይቃት፣ ሙሉካማ እንደ ካሳነሽ አደረገች አለችኝ። እንዴት እንደ ካሳነሽ? ካሳነሽ መርፌውን ትታ ፍስሐ ገነት ከተማ ልጇ ዘንድ ሄዳ አየሩ ተስማምቷት የለም ወይ፤ ሙሉካም ልጆቿን ይዛ ወደ ኮቸሬ እኅቷ ዘንድ ቡና ልትለቅም ሄደች አለችኝ። ማን እንደነገራቸው ጠየቅሁ። ሽብሩ፣ አለች።

ሽብሩን ያኔ ያናገርሁትን ንግግር ለጠላትም አልመኝም። ሰው ገዳይ አልሁት። የሙሉካን መሄድ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ግን አልዋሸኝም። አዎ፣ ሞተች አላልሁም አለ። ቀጥሎ የተናገረውን እንዳለ ልጻፍልሽ፦ «እነዚህ ሰዎች ከሩቅ መጡ። ብቻቸውን ናቸው፣ አልበሉም፣ ታመዋል። አንተ ሞት እንደ ወረቀት አነበብክ። እኛ አገር መርዶ እንዲህ አይባልም። ሰውዬው ይበላል፣ ወገን ከጎኑ ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው። አንተን መንገድ ላይ ማን ነገረህ? ጥሩ ነበር? እኔ አነሣሁህ አይደለም?» አለኝ። በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቆ ሙሉካን ፍለጋ ወደ ኮቸሬ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ልብሱ በላዩ ላይ በስብሶ ተመለሰ፤ አላገኛትም።

እኔም እሱ በሌለበት በነዚያ ቀናት ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኋቸው። «ደህና ናት» የሚለው ላይ እጅሽ እንደተንቀጠቀጠ ያኔ አላየሁትም ነበር። ያንቺ ተንኮል ሳይሆን ጭንቀት መሆኑን ለማወቅ አንድ ዘበኛ አስፈለገኝ። ወንድሜ ሰው አገር ብቻውን ነው፣ ወረቀት ከፍቶ ሲያነብ ማን ይይዘዋል ብለሽ ነው። ያሳቀቀኝ አንቺ ሳትሆኚ በዛብህ ነው፤ እሱም ምስኪን አላወቀም። ያን ሁሉ ጊዜ እምዬን ለብቻሽ እየቀበርሽ ለእኔ በሕይወት ማቆየቱ ምን ያህል እንዳደከመሽ እኔም ካሳነሽን ይዤ አይቼዋለሁ። እትዬ፣ ይቅር በይኝ።

ታዲያ ሙሉካን ማን ይመልሳት? እኛ ኮቸሬን ቤት ለቤት አናስስም፤ የካሳነሽ ወሬ ግን ከእኛ ይልቅ እግር አለው። በገበያ ቀን፣ ግቢው ጢም ብሎ ሳለ፣ ሽብሩን አጠገቤ አቁሜ ካሳነሽን ከፍስሐ ገነት አመጣኋት። ለእኔ ከመቃብር ነው ያመጣኋት። ካሳነሽ ትናንት ከጭነት መኪና ላይ ወረደች አልሁ። ከስታለች። ልጇ ዘንድ ሳለች ሳሉ ተመልሶባት የነጠላዋን ጫፍ እያጠፈች ስትደብቅ ነበር። ተሻለኝ ያለችው ውሸቷን ነው፤ ልጇን ላለማስጨነቅ። አሁን ግን መጥታ እዚህ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፣ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች፣ ባሏ ይርጉም ዘንድሮ ብቻ ነገር ሰምቶ በየቀኑ እሸኛታለሁ ብሏል አልሁ። ሽብሩ ሲተረጕም ከእኔ ንግግር ሦስት እጥፍ አስረዘመው፤ ምን እንደጨመረበት አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ ነው ከንፈር ሲመጠጥ የሰማሁት። ያቺ የዶሮዎቹ አሮጊት በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ወደ ይርጋጨፌና ወደ ኮቸሬ የሚወርዱ ቡና ለቃሚዎች ወሬውን ይዘው ሄዱ።

ሙሉካ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣች። ሽብሩ ከበሩ ጮኾ ጠራኝ። ልጇን ማዘል አቅቷት ትልቁ ልጅ አዝሎላታል፤ ሳሉ ከሩቅ ይሰማል። አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ከአጠገቧ የአንድ ሰው ቦታ ተወች። ሰው ሊቀመጥበት ሲል በእጇ ከለከለች። ለካሳነሽ ነው አለች። ሽብሩ አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ ከዚያ ካሳነሽ በጣም በማለዳ ተወግታ ሄዳለች አላት። እሷም ነገም ቦታ እይዝላታለሁ አለች። እንደገና ከአንድ ጀምሬላት ዛሬ ዘጠነኛ መርፌዋን ወጋኋት። ትድናለች ብዬ ልምልልሽ አልችልም፤ መቋረጡ ጎድቷታል። ግን ትመጣለች፣ ቦታውንም ትይዛለች።

አሁን ካንቺ አንድ ነገር እፈልጋለሁ፣ እትዬ። ስለ እምዬ ጻፊልኝ። ምን እንዳለች፣ ማን ከራስጌዋ እንደነበረ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የት እንዳሳረፋችኋት፣ ዝናብ ነበር ወይስ ብራ፤ ምንም አታስቀሪብኝ። መርዶዬን ካንቺ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ደብዳቤሽ ሲመጣ ብቻዬን አልከፍተውም። ከሽብሩ ጋር ተነጋግረናል፤ መጀመሪያ ቤቱ ወስዶ ቆጮ ያበላኛል፣ ከዚያ ከጎኔ ይቀመጣል፣ ከዚያ አነበዋለሁ።

ጋሼ ተክለማርያምን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ መነጽር እየፈለግሁላቸው ነው። ቆንጅትን ጥጃውን ትታ ፊደሏን ትቁጠር በያት፣ አጎትሽን ናፍቀሽዋል በያት። የኔታን፣ ጎረቤታችንን እማማ ጽጌማርያምን፣ እኔን የሚጠይቀውን ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሽብሩ ሳያውቅሽ ሰላም ብሎሻል፤ ታላቅ እኅት እናት ናት ይላል።

አንድ ሌላ ሰላምታም አለ። ሙሉካ ዛሬ ከመርፌው ክፍል ስትወጣ፣ ካሳነሽን ሳላገኛት ቀረሁ፣ ዘጠኝ ደርሻለሁ፣ ጉልበቷን ትጠብቅ፣ ሙሉካ ሰላም ብላሻለች በልልኝ ብላ አደራ ሰጠችኝ። አደራ ነውና የት እንደማደርሰው ሳስብ ዋልሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትሄጂ፣ እትዬ፣ እግረ መንገድሽን እምዬ ዘንድ ጎራ በይና ንገሪያት።

ታናሽ ወንድምሽ ከፈለኝ

ዲላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1960 ዓ.ም.